አስተርጓሚዋ በጀልባ ላይ

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከባለቤቱ በተወረሰ ትርፍ ቤት ሳሎን፣ የሩሲያ ቋንቋ አስተርጓሚዎች ኮርስ ተከፈተ። ለጣና የዓሣ ልማት የሚመጡት የሶቪየት ባለሙያዎች አፍና ጆሮ ያስፈልጋቸው ነበር። አፍና ጆሮ ተፈለገ፤ ራስ ግን የፈለገ አልነበረም።

ኮርሱ ሁለት መምህራን ነበሩት። ጠዋት ጠዋት ኪየቭ የተማረው ተክለ ጊዮርጊስ ሙያውን ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ የፖለቲካ ኃላፊው ጓድ አምሐ ጠዋት የተማሩትን ያስረሳል።

ተክለ ጊዮርጊስ አንዱን ሠልጣኝ ረጅም ንግግር አስነግሮ ሌላውን በቃሉ ያስተረጉመዋል። አንዲት ሐሳብ የዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ንግግሩ የእናንተ አይደለም፣ ባለቤቱ ቢሳደብ ስድቡን ቢዋሽ ውሸቱን ማሻገር ነው ይላቸው ነበር። ከዚህ ሁሉ ትምህርት አምሐን ደስ ያሰኘችው አንዲት መስመር ብቻ ናት፦ አስተርጓሚ የሰማውን አይደብቅም። በቀይ ጨርቅ ላይ አስጽፎ ከሰሌዳው በላይ ሰቀላት። ለአምሐ የታየው እንዲህ ነበር፦ ፈረንጆቹ ምሳ ላይ ያወሩትን ሠልጣኞቹ እየለቀሙ ለእሱ ያመጡለታል።

የራሱ ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው። እንግዳው መንገዱ ጎድጓዳ ነው ቢል ምን ተብሎ ይተረጎማል? የመንገድ ሥራው በሰፊው ሕዝብ ተሳትፎ እየተፋጠነ ነው። ሾርባው ቀዝቅዟል ቢልስ? የሁለቱ ሕዝቦች ወዳጅነት ትኩስ ነው። ክፍሉ አቀርቅሮ ይጽፋል። ሰው ያላለውን አለ ማለት በየትኛውም አገር ስሙ ቅጥፈት ነው፤ እዚያ ሳሎን ውስጥ ግን ማርክ የሚያሰጥ ዕውቀት ሆነ።

እጇን ያወጣች አንዲት ሠልጣኝ ነበረች፤ ጀሊላ ሙሀመድሰዒድ። ሰውዬው ስለ ሾርባ ያነሣው ርቦት መሆኑን፣ በወዳጅነት ሆዱ እንደማይሞላ ተናገረች። ክፍሉ ሳቀ። አምሐ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ።

«አንቺ የነጋዴ ልጅ ነሽ። ጨርቅ መለካት እንጂ ዓላማ መለካት ከየት አባትሽ ይመጣል?»

የአባቷ የጨርቅ ሱቅ ከታሸገ ወዲህ የቤተሰቡ ዓይን በእሷ ላይ ነበር። የምስክር ወረቀቱን ካገኘች እዚያው በዓሣ ፕሮጀክቱ ትቀጠራለች። ካላገኘች የአድኃሪ ነጋዴ ልጅ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት በከተማው አልነበረም። አምሐ ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ደጋግሞ ያነሣዋል።

የመጨረሻው ፈተና እውነተኛ ሥራ ሆነ። ሳቬሌቭ የሚባለው ኢንጂነር ከደቅ ደሴት ማዶ ባለች ትንሽ የገዳም ደሴት ላይ የዓሣ መጋዘን ሊሠራ አስቦ ነበር፤ ለዚህም የደሴቲቱ ጫፍ ዛፍ ይቆረጣል። መነኮሳቱ በጭብጨባ እንደፈቀዱ አምሐ ቀደም ብሎ ሪፖርት አድርጓል። ደሴቲቱን ግን ረግጧት አያውቅም። ኢንጂነሩ አስተርጓሚ ሲጠይቅ ተክለ ጊዮርጊስ ጀሊላን ሰጠ፤ አምሐም አልተቃወመም። የሴቶችን እኩልነት የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያስፈልገው ነበር።

በዚያች ደሴት ሴት አትወጣም። ሐይቁ ዳር ያደገ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ይህን ያውቃል። ጀሊላም ለአምሐ ነገረችው። ይህ ከፊውዳሉ ጋር ተቀብሯል ብሎ መለሰላት።

አልተቀበረም ነበር። ጀሊላ፣ ኢንጂነሩና አምሐ በጀልባ ሲደርሱ መጠጊያው ድንጋይ ላይ አንድ መነኩሴ ቆሞ ጠበቃቸው። ለወንዶቹ እጅ ነሣ፤ ለጀሊላም እጅ ነሣ፤ ከዚያ ከጀልባው እንዳትወርድ በትሕትና ለመናት። አምሐ ስለ እኩልነት ንግግር አደረገ። መነኩሴው እስከ መጨረሻው አዳመጠና እቴጌም ብትሆን ከውኃው ላይ እንደምትመለስ ነገረው።

አበምኔቱን ወደ ውኃው ዳር አስጠርቶ መነጋገር ይቻል ነበር። ካድሬ ግን ባለማወቁ አያፍርም፤ የሚያፍረው ሲታወቅበት ነው። አምሐ ሞስኮ ተምሬአለሁ እያለ ከተማውን ሲያሰለች የኖረ ሰው ነውና እኔ አስተረጉማለሁ ብሎ ፊት ፊት ወጣ። ከሞስኮ ያመጣው አንድ የጠጉር ቆብና ጥቂት የሰላምታ ቃል ነበር።

ደሴቲቱ ላይ የሆነውን ኢንጂነሩ ራሱ በኋላ ለተክለ ጊዮርጊስ አጫውቶታል። አበምኔቱ አባ ወልደ ሐዋርያት ረጅም ነገር ይናገራሉ፤ አምሐ በሩሲያኛ «ጥሩ ነው፣ ጓድ» ይላል። ኢንጂነሩ ስለ ዛፉ ይጠይቃል፤ አምሐ ወደ አባ ዞሮ የሶቪየትን ሕዝብ ሰላምታ ያቀርባል። አባ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ሲወዘውዙ አምሐ «አዎ፣ አዎ» ብሎ ይተረጉማል። ሰው እንቢ ሲል ግን ቋንቋ ለማያውቅም ይታያል። ኢንጂነሩ የአባን ክንድ ደግፎ ወደ ጀልባው ይዟቸው ወረደ።

ጀሊላ በጀልባው ውስጥ ተነሥታ ቆመች። ባለ ሞተሩ አለበል ጀልባው እንዳይዋዥቅ ገመዱን ወጥሮ ያዘ። አባ ከድንጋዩ ጫፍ ቆሙ፤ በመካከላቸው ያለው ውኃ አንድ እርምጃ አይሞላም።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«የሙሀመድሰዒድ ነኝ፣ አባ። የባሕር ዳሩ ባለ ጨርቅ።»

አባ የለበሱትን ቢጫ አቡጀዲ ጫፍ ያዝ አደረጉ። «ይህ ከእሱ ሱቅ ነው። ሲለካ አጉድሎብን አያውቅም። አንቺም አታጉድዪብኝ።»

ከዚያ ነገራቸውን አስቀመጡ። ዓሣው የሐይቁ ነው፤ አንከለክልም። ዛፉን ግን አናስነካም፤ ከሥሩ አባቶቻችን አርፈዋል። የጠየቀንም የለም። ጀሊላ እስኪጨርሱ ሰምታ ለኢንጂነሩ አንድ በአንድ አሻገረች። ኢንጂነሩ ገዳሙ በጭብጨባ እንደተስማማ ተነግሮኝ ነበር አለ። እሱንም ለአባ አሻገረች።

«እኛ የምናጨበጭበው ለማኅሌት ነው» አሉ አባ።

አምሐ ወደ ጀልባው ጎንበስ ብሎ በጥርሱ መካከል በአማርኛ ተናገረ።

«ሽማግሌው አርጅቷል፣ ይዘባርቃል በይው። ፈቅደዋል በይ። አለዚያ የምስክር ወረቀቱን በሕልምሽም አታዪው።»

ጀሊላ ወደ ከተማው አቅጣጫ አየች፤ ከዚያ ርቀት ባሕር ዳር አይታይም። ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞራ ጓድ አምሐ አሁን የተናገሩት ይህ ነው ብላ አርጅቷልንም፣ ይዘባርቃልንም፣ ፈቅደዋል በይንም፣ የምስክር ወረቀቱንም ሳታስቀር በሩሲያኛ አስቀመጠችለት። አባም በሹክሹክታው ሳቢያ እንዳይቀርባቸው በአማርኛ ደገመችላቸው።

«ማርጀቴስ እውነት ነው» አሉ አባ።

ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጠረገው። ጓድ አምሐ የሚጨምሩት ይኖራል ወይ ብሎ አስጠየቀ። አምሐ የለም አለ። ጀሊላ ይህንንም ተረጎመች።

መጋዘኑ ደቅ ላይ፣ ዛፍ በሌለበት ገላጣ ዳርቻ እንዲሠራ ተወሰነ። የጀሊላ ጉዳይ ግን አልተወሰነም። በመዝጊያው በዓል ቀን የሌሎቹ ምስክር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ የእሷ በአምሐ የካፖርት ኪስ ውስጥ ነበር፤ ገና እየተጠና ነው ተባለ። ቀዩ ጨርቅም ከሰሌዳው በላይ አልነበረም። ሊታጠብ ሄደ አሉ።

ይሁን እንጂ የክብር እንግዳው ሳቬሌቭ ነበር፤ ከጀሊላ በቀር ማንም እንዲያስተረጉምለት አልፈለገም። ስለዚህ ወረቀት የተከለከለችው ሠልጣኝ መድረኩ ላይ በከልካይዋ አጠገብ ቆማ የከልካይዋን ንግግር ተረጎመች። አምሐ በደሴቲቱ ላይ ስለተገኘው ድል አወራ። መነኮሳቱን በሩሲያ ቋንቋ ዕውቀቱ ከእንግዳው ጋር እንዳስማማ፣ እነሱም በራሳቸው ተነሣሽነት ሌላ ቦታ እንደጠቆሙ፣ ጭብጨባቸውም በሐይቁ ላይ እንዳስተጋባ ተናገረ። ጀሊላ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም፤ ውሸቱን እንዳለ፣ ከነጌጡ፣ ከጎኗ ለተቀመጠው ኢንጂነር አደረሰች።

ኢንጂነሩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና አንድ ነገር ጠየቃት። አምሐ ንግግሩን አቋረጠ። ምን አለ ብሎ ጠየቃት፤ ምስጋና መስሎት ነበር።

ጀሊላ ወደ አዳራሹ ዞረች። ድምፅዋ ከቅድሙ አልጨመረም።

«እንግዳው የሚሉት፣ ይህ ሁሉ የሆነው እኛ በሄድንባት ደሴት ነው ወይ?»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሌላ። ተክለ ጊዮርጊስ ጣሪያውን ያይ ነበር። አምሐ የሚያውቀውን ብቸኛ መድኃኒት ያዘ፤ ማጨብጨብ ጀመረ። አዳራሹም ልማዱ ነውና አብሮ አጨበጨበ። ሳቁ ግን ከጭብጨባው በታች ይሰማል፤ ኢንጂነሩም መልሱን እየጠበቀ ዓይኑን ከጀሊላ አልነቀለም፤ እሷም ልትተረጉም ተዘጋጅታ ቆማ ነበር። ይህችን ልጅ ከመድረኩ ማውረጃው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። አምሐ ማጨብጨቡን ሳያቆም በአንድ እጁ ጭኑን እየመታ በሌላው ከኪሱ ወረቀቱን አወጣና በእጇ ሰጣት፤ ቶሎ ወርዳ እንድትቀመጥለት።