ከውስጥ የተለሰነ ግድግዳ

ጋጋሪው የመጨረሻውን ብሎኬት ገጥሞ ልስኑን አለስልሶ ሲጨርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየው። እስከ ትናንት እዚህ ቦታ ከማድ ቤቱ ወደ መኝታ ቤቱ የሚያሳልፍ በር ነበረ። ዛሬ ግድግዳ ነው። ግንበኛ ሳይሆን እንዲህ አሳምሮ መለሰኑ ራሱን አስደነቀው። የተማረ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ስንቱ ባጨበጨበለት።

ግድግዳውን ያሠራችው የንግድ ፈቃድ ተቆጣጣሪዋ ናት። ባለፈው ሳምንት ፎርሟን ይዛ መጥታ፣ ማድ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና ክፍቱ በር ላይ ቆመች። ከበሩ ማዶ አልጋው ይታያል፤ አልጋው ላይ የሚስቱ የሌሊት ልብስ ተዘርግቷል።

"ለሽያጭ የሚጋገርበት ቤት ሰው ከሚተኛበት ክፍል ጋር በር አይጋራም" አለች። "ይሄን በግድግዳ ይድፈኑት፤ መግቢያዎ ከውጭ ይሁን። ሐሙስ አራት ሰዓት መጥቼ አያለሁ፣ ዳቦውንም እቀምሳለሁ። ያን ቀን ካልተሟላ ማመልከቻዎ ከሰልፉ መጨረሻ ይጀምራል።"

የሰልፉ መጨረሻ ስምንት ወር ነው።

ስምንት ወር መጠበቅ ለሌላ ሰው ይሆናል። ጋጋሪው በሰው ዳቦ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊጥ አቡክቷል። እርሾ መድረሱን በአፍንጫው ብቻ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ባለዳቦ ቤቱ ሰርተፊኬት ያለው ጎረምሳ አምጥቶ አለቃ አደረገበት። "ምን ላድርግህ፣ አንተ ስምንተኛ ክፍልን አልጨረስክም" አለው፤ ያውም ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ። ጋጋሪው ሽርጡን ፈትቶ ዱቄቱ ላይ ጥሎ ወጣ። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነገሩ ግን ዛሬም ሆዱ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት፣ ፈቃዱን ካገኘ፣ ከሰኞ ጀምሮ በየቀኑ ሰማንያ ዳቦ ሊወስድለት ቃል ገብቷል። ካላገኘ የሚያቀርበው የድሮ አሠሪው፣ ያው ባለዳቦ ቤት ነው። የዚያን ሰውዬ መኪና በደጁ ስታልፍ ከማየት አፈር ቢውጠው ይመርጣል።

ልስኑም እንዲያምር የፈለገው ለዚሁ ነው። ሚስቱ ገና ሳይጀምር መክራው ነበር።

"ከመኝታ ቤቱ በኩል ሆነህ ሥራው፤ መውጫ ይኖርሃል።"

"ሴትዮዋ የምትዳብሰው በማድ ቤቱ በኩል ያለውን ፊት ነው። እዚያ ሆኜ ነው መለሰን ያለብኝ። መውጫማ የጓሮው በር አለ፤ መቀርቀሪያው በእኔ በኩል ነው።"

"በር ላይ መቀርቀሪያ ማድረግ የሚችለው አንተ ብቻ ነህ?"

"አንቺ ደግሞ ነገር ስትወጂ" ብሎ አሸዋውን ማቡካት ጀመረ።

አሁን እጁን ታጠበና የጓሮውን በር መቀርቀሪያ ሳበ። ዝጎ ስለነበር እየጮኸ መጣለት። በሩን ገፋው፤ ወይ ፍንክች። በትከሻው ደገመው። ከውጭ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ ሰማ። ጓጉንቸር ነው።

ይህ በር የሚወጣው ወደ ታላቅ ወንድሙ ግቢ ነው። አባታቸው አንዱን ቤት ለሁለት ከፍሎ ሲያወርሳቸው፣ ጓሮው ለልብስ ሰፊው ወንድሙ ደረሰው። ሁለቱ ሆድና ጀርባ ከሆኑ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ምክንያቱም ዳቦ ነው። ልብስ ሰፊው ልጁን ሲድር፣ ወንድሙ ጋጋሪ ሆኖ ሳለ፣ የሰርጉን ዳቦ ከሌላ ቤት አዘዘ። ጋጋሪው ከሰርጉ አንዲት ቁራሽ ሳይቀምስ ተነስቶ ቤቱ ገባ፤ ይችን መቀርቀሪያ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ወረወራት። ከዚያ ወዲህ ወንድሙን በስሙ አልጠራውም፤ "ያ ሰውዬ" ነው የሚለው። ያ ሰውዬ በበኩሉ ከውጭ መቆለፉን ግን ጋጋሪው ገና ዛሬ አወቀ።

አዲሱን ግድግዳ አንኳኳ።

"ምነው?" አለች ሚስቱ። ድምጿ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

"ተቆልፏል።"

"ነግሬህ ነበር" አለች።

"ገና እርጥብ ነው፣ ግፋው" አለች ቀጥላ። "በትከሻህ አንዴ ብትለው ይወድቃል።"

"ሴትዮዋ ልትመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀራት።"

"እንግዲያው ወንድምህን ጥራዋ።"

"እሱንስ ከምጠራ ሞቼ ልገኝ።"

"ከሞትክማ መጥራቱ ለእኔ ነው የሚተርፈው።"

ማድ ቤቱ አራት እርምጃ በሦስት ነው። ምድጃውን ቀድሞ ስላቀጣጠለው ሙቀቱ ጣሪያውን ነክቶ ይመለሳል። ያለችው አንዲት መስኮት ከመጽሐፍ አትሰፋም፤ እሷም ብረትና የወንፊት ሽቦ ለብሳለች። ሥራ ቢይዝ ይሻለው መስሎት ወደ ሊጡ ሄደ፤ እንደ ልማዱ ቆንጠር አድርጎ በምላሱ ነካ። ባዶ ነው። ጨው የለውም። ለግንባታው ዕቃ ሲያሸሽ የጨው ማሰሮውን ወደ መኝታ ቤት ወስዶት ነበር።

"አንቺ፣ ጨው።"

"ከራስጌህ ነው ያስቀመጥከው" አለች። "በየት ላቀብልህ?"

ጋጋሪው የዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ግድግዳውን አየ። ቢገፋው ይወድቃል፤ ከግድግዳው ጋር ፈቃዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ስምንት ወሩም ይወድቃል። ከመስኮቱ ማዶ የስፌት መኪናው ይንደቀደቃል። ያ ሰውዬ ከጣሪያው ጥላ ስር ተቀምጦ እንደ ወትሮው ይሰፋል።

ተነስቶ አፉን ወደ ሽቦው አስጠጋ። "ስማ" አለ።

መኪናው ቆመ። "ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።" መኪናው መንደቅደቁን ቀጠለ።

ጋጋሪው ጥርሱን ነከሰ። ሰዓቱ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

"ወንድም ጋሼ" አለ።

"አቤት" አለ ልብስ ሰፊው ወዲያው። "አሁን ሰማሁህ። ጆሮዬ ድሮም የሚሰማው በማዕረጌ ሲጠሩኝ ነው።" ሜትሩን በአንገቱ እንዳንጠለጠለ መጥቶ በሽቦው ውስጥ አጮልቆ አየ። አዲሱን ግድግዳ አየ፤ ወንድሙን አየ። "ራስህን ነው እንዴ የገነባኸው?"

"በሩን ክፈትልኝ። ጨውም ካለህ ስጠኝ።"

"ጋጋሪ ጨው ሲለምን ዛሬ አየሁ።" ቢሆንም ወደ ቤቱ ገባና በትልቅ ስኒ ይዞ ተመለሰ። ስኒው በሽቦው አያልፍም። ልብስ ሰፊው ልብስ ከሚቀድበት ወረቀት ቀደድ አድርጎ፣ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ጠቅልሎ ጫፉን ሽቦው ላይ አስደገፈና ጨዉን ቀስ እያለ አፈሰሰ። ጋጋሪው በሁለት መዳፉ ተቀበለ፤ እንዲህ አድርጎ እጁን ለማንም ዘርግቶ አያውቅም።

ሊጡን ደግሞ እያቦካ "በሩንስ?" አለ።

"ቁልፉን ልፈልግ።" ቁልፉን የሚያኖርበት የአዝራር ቆርቆሮ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ ሰውዬው አዝራሩን አንድ በአንድ የሚያወጣ ነው የሚመስለው። "እኔ እኮ የቆለፍኩት መቀርቀሪያህን ከሰማሁ በኋላ ነው። ቀዳሚው አንተ ነህ።"

"ቀዳሚውማ የሰው ዳቦ ነው።"

መንኮሻኮሹ ቆመ። "ያንን ይዘህ ነው እስከ ዛሬ?"

"ይዤ ነዋ።"

"አንተን ባዝዝህ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ስትጋግር ታድር ነበር። በነጋታው ዱቄት ለብሰህ በጓሮ ትቆማለህ። እኔ የፈለግሁት ሱፍ ለብሰህ ከጎኔ እንድትቀመጥ ነበር። ሱፉንም ሰፍቼልህ ነበር፤ አሁን ብል በልቶታል።"

ጋጋሪው ሊጡን ደበደበው። አሥራ ሁለት ዓመት በጀርባው የተሸከመውን፣ ባዶ ጆንያ ነው ቢሉት ማን ይወዳል? ውሸቱን ነው አለ በልቡ። ውሸቱን ባይሆን ያኔ ይነግረው ነበር። እንደዚያ ብሎ ቂሙን እንደገና ቋጠረው፤ ቋጠሮው ግን እንደ ድሮው አልጠብቅ አለው።

ቁልፉ ተገኘ። ጓጉንቸሩ ግን ዝጎ አልዞር አለ። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረገበትና "እስኪጠጣ እንጠብቅ" ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ጋጋሪው በታሸገ ክፍል ውስጥ ዳቦውን ቅርጽ አስያዘ፣ አሳረፈ፣ ምድጃ ውስጥ ከተተ፣ እሳቱን እያየ ቆመ። ትንፋሹ ሲያጥረው አፍንጫውን ሽቦው ላይ ይለጥፋል። ዳቦው ቀልቶ ሲወጣ ጓጉንቸሩም ዞሮ በሩ ጮሆ ተከፈተ። ተቆጣጣሪዋ፣ ሚስቱ መርታ አምጥታት፣ በልብስ ሰፊው ግቢ በኩል እየመጣች ነበር።

ግድግዳውን ዳበሰችው፤ ጣቷ ግራጫ ሆነ። "ይደርቃል" አለች። ዳቦውን ቆርሳ አኘከች። "ጨዉ ልክ ነው።"

ልብስ ሰፊው ከበሩ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይሄ ግቢ የማን ነው?" አለች።

"የእኔ" አለ።

"እንግዲያው መተላለፊያ መፍቀድዎን እዚህ ላይ ይፈርሙ። ፈቃዱ በየዓመቱ ሲታደስ እርስዎም በየዓመቱ ይፈርማሉ።"

"በየዓመቱ?"

"በየዓመቱ።"

ልብስ ሰፊው ወረቀቱን እንደ ጨርቅ በመዳፉ ደልድሎ ፈረመ። "የዘንድሮው ይኸው" አለ ወንድሙን እያየ። "የከርሞውን ከርሞ ያውቃል።"

ተቆጣጣሪዋ ፈቃዱን ሰጥታ ሄደች፤ የጋጋሪው ሚስትም ምሳ ልታሰናዳ ዞራ ወደ ቤቷ ገባች።

"ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምረው?" አለ ልብስ ሰፊው።

"ከሌሊቱ አሥር ሰዓት።"

"በአሥር ሰዓት ተኝቻለሁ። አንኳኳ።"

"ቁልፉን ብትሰጠኝስ?"

ልብስ ሰፊው ቁልፉን አዝራሮቹ መሃል ጣለና ክዳኑን ገጠመው። "አንኳኳ አልኩህ። መጥራቱንማ ለምደኸዋል።"

ጋጋሪው ማድ ቤቱ ገብቶ ፈቃዱን ሚስማር ላይ ሰቀለ። ስሙ ተጽፎበታል። ስድስት ሰዓት ላይ ከግድግዳው ማዶ ሳህን ተንኳኳ።

"ምሳ ቀርቧል" አለች ሚስቱ።

"መጣሁ" አለና እንደ ልማዱ ወደ ድሮው በር ተራመደ፤ አፍንጫው እርጥቡን ልስን ሊነካ ሲል ቆመ። ምሳው ከዚያ ወዲያ ሁለት እርምጃ ነው። ለመድረስ በጓሮው በር ይወጣል፣ በሰውዬው ፊት ያልፋል፣ "ወንድም ጋሼ፣ በርታ" ይላል፣ በግቢው መዝጊያ ወጥቶ በመንገዱ ይዞራል። ሲመለስም እንደዚያው።

"ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ" አለች።

"ትንሽ ልቆይ" አለ፣ ጆንያው ላይ እየተቀመጠ። "ሰውዬው ወደ ቤቱ ሲገባ እመጣለሁ።"

የስፌት መኪናው እስኪመሽ ድረስ አላቋረጠም።