ማን እንደሞተ ያልተነገረበት ጥሩምባ

ምንይችል በሃያ አራት ዓመቱ በእጁ የገባ ነገር ቢኖር የወጣት ማዕከሉ ቁልፍ ነው። ማዕከል ሲባል አንድ ክፍል ናት፤ ከመካነ ሰላም ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። በውስጧ አንድ ኳስ፣ አንድ የመረብ ኳስ መረብ፣ ስድስት ወንበርና «የተደራጀ ወጣት ሀገሩን ያለማል» የሚል ጨርቅ አለ። ጨርቁ ከግድግዳው ስለሚረዝም «ያለማል» የምትለዋ ማዕዘኑን ታጥፋ ሌላው ግድግዳ ላይ ናት። ምንይችል ተመርቆ ሥራ ካጣ ወዲህ ቀኑን የሚገፋው እዚያ ነው። ቤት ከዋለ አባቱ ያየዋል፣ ያየዋል፣ ከዚያ «እህ» ይላል። ያቺን «እህ» የሚሸሽበት ሌላ ክፍል በዓለም ላይ የለውም።

ማክሰኞ ዕለት የቀበሌው ሊቀመንበር ጠርተው ነገሩት። ሐሙስ ጧት ከዞን ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ሜዳው ላይ ቢያንስ ሃያ ወጣት ካላዩ ክፍሏ የማዳበሪያ መጋዘን ትሆናለች፤ ኳሱና መረቡም ወደ ጎረቤት ወረዳ ወደ ወግዲ ይሄዳሉ። ማዳበሪያውስ ይሁን፤ ወግዲ መባሉ ነው አንጀቱን ያሳረረው።

የክለቡ አባላት በመዝገብ አርባ አንድ ናቸው። ሁለቱ ጅዳ ናቸው፣ አንዱ ከሞተ ዓመት ሆኖታል፣ አንዱ ደግሞ ምንይችል ቁጥር ለመሙላት የጻፈው የገዛ አባቱ ነው። የቀሩትን ቤት ለቤት ዞረ። ስለ ጤና አወራ፣ ስለ አብሮነት አወራ፣ ሥልጠና ላይ የሰማውን «የሕይወት ክህሎት» የሚሉትንም ለራሱ ሳይገባው አወራ። ሁሉም በጥሞና ሰምተው አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ አበል አለው ወይ። የለውም ሲል አንዱ ሐሙስ የፓስፖርት ጉዳይ አለብኝ አለ፣ ሌላው ወገቤን አለ፣ ሦስተኛው የማን እንደሆነ አላውቅም እንጂ ቀኑ በዓል ነው ብሎ አረፈው።

አበቡ ዘንድ ሲደርስ ተስፋው ተሟጦ ነበር። አበቡ ቤሩት አራት ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ሌላው ሁሉ ቢቀርባት ምላሷን ይዛ የመጣች ልጅ ናት።

«ቅሬ ሲጠራ ስንት ሰው ይወጣል?» አለችው።

«ሁሉም።»

«አበል አለው?»

«የለውም።»

«አንተ ጤና ታገኛላችሁ ትላለህ። ቅሬ ካልመጣችሁ አንቀብራችሁም ይላል። ማንን ይስሙ?»

እውነቷን ነው። በዚያ ሰፈር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ አንድ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ሁሉም ይወጣል፤ ወጣቱ ዶማና አካፋውን ይዞ መቃብር ይቆፍራል። የቀረ ሰው የራሱ ቤት ሐዘን ሲገባ ጎረቤቱ ከደጁ ተቀምጦ ጥርሱን እየፋቀ ያየዋል።

ጥሩምባውን የሚነፉት ጋሽ አሕመዲን ናቸው። ምንይችል ረቡዕ ሄዶ ለኳስም እንዲነፉለት ለመናቸው። ጋሽ አሕመዲን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞት ብቻ ለፍፈዋል፤ አንድ ቀን ለደህና ነገር ብጠራ የሚል ምኞት ሳያድርባቸው አልቀረም።

«ውሸት ከአፌ አይወጣም» አሉት። «‹ቅሬ ውጣ፣ ኳስ ሜዳ› እላለሁ። ሞተ አልልም። አብሽር።»

ሁለቱም ያልገመቱት ነገር ቢኖር፣ በዚያ ሰፈር ጥሩምባ የሰማ ሰው የሚጠይቀው የት እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አለመሆኑን ነው።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ ተነፋ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሜዳው ሰማንያ ሰው ሆነ። ወጣቱ ዶማና አካፋ ተሸክሟል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፣ አራት ጎረምሶች ቃሬዛ ይዘዋል። የፓስፖርት ጉዳይ አለብኝ ያለውም መጥቷል፤ ወገቤን ያለው ትልቁን ዶማ ይዟል። የሟቹ ስም ስላልተጠራ ሁሉም የሚያለቅሰው በግምቱ ነው። ብርሀንነሽ የምትባል አልቃሽ የሞቱት አቶ ይሄነው ናቸው ብላ ሙሾውን ስታወርድ አቶ ይሄነው ከኋላዋ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ደግነታቸው ላይ ስትደርስ ዝም አሉ፤ ያቋረጧት ስስታቸውን ስታነሳ ነው።

በዚህ መሀል የዞኑ መኪና ደረሰ። ትህትና የምትባል ገምጋሚ ወርዳ ሕዝቡን አየችና ይህ ምን ዓይነት ስፖርት ነው ብላ ጠየቀች። ምንይችል አፉን ሲከፍት እንግዶቹን ሊቀበሉ የመጡት ሊቀመንበር ቀደሙት፤ ወጣቱ በራሱ ተነሳሽነት ሜዳውን ሊደለድል ወጥቶ ነው አሏት። ለቅሶውስ አለች። ስሜት ነው አሉ። ጻፈች፣ ፎቶ አነሳች፣ ክፍሏ በክለቡ እጅ ትቆይ ብላ ፈረመችና መኪናው በአቀስታ መንገድ ተመለሰ።

አቧራው ሲያርፍ የቅሬው ዳኛ አቶ አሳምነው ማን እንደሞተ ጠየቁ።

«ማንም» አለ ምንይችል።

ሰማንያ ሰው፣ ሰው ስላልሞተ ሲናደድ ማየት ቀላል አይደለም።

ዳኛው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቅሬን በሐሰት የጠራ ከቅሬ ይወጣል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ምንይችል ክፍሏን አትርፎ መቀበሪያ ሊያጣ ነው። ይሄኔ ጋሽ አሕመዲን ብድግ አሉ። ወላሂ ሞተ አላልኩም አሉ፤ ኳስ ሜዳ ውጡ አልኩ፣ ይኸው ኳስ ሜዳ ናችሁ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ስህተት ግን አላገኘባቸውም።

ዳኛው ከድንጋዩ ሳይነሱ ፈረዱ።

«እንግዲያው ቅሬ ለኳስ ከተጠራ ኳሱም የቅሬ ነው» አሉ። «ክፍሏም። ድንኳኑና ድስቱ እዚያ ይገባል፣ ቁልፉ እኔ ዘንድ ይሆናል። ወጣቱ በየሐሙሱ ይመጣል። የቀረ ከቀብር እንደቀረ ነው።»

«እኔስ ጋሼ?»

«አንተማ ስምህ ሲጠራ አቤት ትላለህ።»

ምንይችል ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ጥርሱን ነቅለው የወሰዱበት ያህል አፉን ይዞ ቆመ።

በሳምንቱ ሠላሳ አራት ወጣት መጣ። አንዱ ስለታመመ ወንድሙን በምትኩ ልኳል። ምንይችል ከመሀል ተሰለፈ። ኳሷን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲቆልፍባት እንጂ አንድ ቀን ሲጫወትባት ያየው ሰው አልነበረም፤ ይህን አሁን ነው ያስታወሰው። ከመረቡ ማዶ አበቡ ኳሷን በመዳፏ እያመዛዘነች ተዘጋጅተሃል ወይ አለችው።

አልተዘጋጀሁም አለ።

ዳኛው ከድንጋያቸው ላይ ሆነው፣ ቅሬ እንዲህ ያለ ምክንያት ተቀብሎ አያውቅም አሉ።

አበቡ ኳሷን መታች።