ማሽኑ ያጠባቸው መኪናዎች

ማሽኑ አምቦ የገባው በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ሸራ ለብሶ በተሳቢ መኪና ተጭኖ ነው። የመንግሥት የመኪና አገልግሎት ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ጓድ ከበበው ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፎ አስጨበጨበ። ድንቅቱም አጨበጨበች። እጇ እርጥብ ስለ ነበር ጭብጨባዋ ከሌሎቹ ጎልቶ ተሰማ፤ ጓድ ከበበውም በደስታ አያት። በዚያ ጣቢያ መኪና ስታጥብ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ማሽኑ የመጣው እሷንና ሦስቱን ባልደረቦቿን ሊተካ መሆኑን ማንንም ሳትጠይቅ ተረድታለች። የሰው ጉሮሮ ሊዘጋ ተነሥቶ ባለ ጉሮሮውን የሚያስጨበጭብ አለቃ ግን እስከዚያ ቀን አላየችም ነበር።

ጣቢያው ከመወረሱ በፊት የአቶ ጉግሳ ነበር። አቶ ጉግሳ ሳሙና በአውራ ጣቱ እየለካ የሚሰጥ፣ አንድ ቡትቶ ጨርቅ ከጠፋ ሳምንት ሙሉ የሚነጫነጭ ቋጣሪ ሰው ነው። ድንቅቱ አንድም ቀን ደግ ነው ብላው አታውቅም። ሆኖም ጎማ ላይ የተጋገረውን ጭቃ አይቶ መኪናው ከጌዶ ይምጣ ከወንጪ መለየት ይችል ነበር። ጓድ ከበበው ከፖለቲካ ትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ የተሾመ፣ በጣቢያው ግቢ ሲያልፍ የሱሪውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ከፍ የሚያደርግ ሰው ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ጎንበስ ብሎ የመኪና ሆድ አላየም።

እንደ መጣ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር መመሪያ ማውጣት ነበር። የመንግሥት መኪና በሁሉቃ ወንዝ ዳር እንዳይታጠብ ተከለከለ። መኪናውን በጣቢያው አሳጥቦና ግሪስ አስቀብቶ ካርዱ ላይ ማኅተም ያላስመታ ሹፌር የነዳጅ ኩፖን አያገኝም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከጌዶ እስከ አዲስ ዓለም ያለ የመንግሥት መኪና ሁሉ አምቦ መጥቶ ይሰለፍ ጀመር። አራቱ አጣቢዎች ከጧት እስከ ማታ ቢያጎነብሱም ወረፋው አላልቅ አለ። ጓድ ከበበው ወረፋውን በመስኮት እያየ ለበላይ አካል ጻፈ፦ የእጅ ሥራ ኋላ ቀር ነው፤ የዘመኑን የኅብረተሰብ ፍላጎት ሊያሟላ አልቻለም። ወረፋውን የወለደው የገዛ መመሪያው መሆኑን ደብዳቤው አያነሳም።

ማሽኑ ሁለት ትልልቅ የሚሽከረከሩ ብሩሾችና ከላይ እንደ ቅስት የታጠፈ፣ ውሃ የሚረጩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቧንቧ ነበረው። ውሃውን የሚያሞቀው በናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ በራሽን ነበር የሚታደለው። እዚህ ላይ ጓድ ከበበው አንድ ሐሳብ መጣለትና ሠራተኛውን ሰብስቦ አቀረበው።

«ከተማችን ተፈጥሮ ያሞቀችው ፍል ውሃ አላት» አለ። «እሱን በቧንቧ ስበን ከማሽኑ ጋር እናገናኘዋለን። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ዕቅዱን አይቶ ፈርሞበታል። አስተያየት ያለው?»

ድንቅቱ እጇን አነሣች። በስብሰባ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«ያ ውሃ ነጭ ነገር ይተዋል፣ ጓድ ሥራ አስኪያጅ።»

«ምን ነጭ ነገር?»

«ሲደርቅ። ብርጭቆ ላይ፣ ድስት ላይ። መኪና ላይም ይተዋል። እኛ ከወንዝ በተሳበው ውሃ የምናጥበው ለዚህ ነው።»

የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ገቢሳ ቀድሞ ሳቀ። ገቢሳ አለቃው ከመሳቁ በፊት መቼ እንደሚሳቅ የሚያውቅ ሰው ነው።

«አደ ድንቅቱ ኢንጂነር ሆነዋል ለካ» አለ፣ በኦሮምኛ ወይዘሮ ብሎ እየጠራት። «እስከ ዛሬ በባልዲ ደብቀውብን።»

«መሠረተ ትምህርት ጨርሳለች እኮ» አለ ቱፋ፣ ከአራቱ አጣቢዎች አንዱ። «ቀጥሎ ያለው ኢንጂነርነት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ድንቅቱ ቱፋን አየችው፤ ከዚያ ሰው ጋር አሥር ዓመት አንድ ባልዲ ሲጋሩ ኖረዋል። እንዲያ የሳቀው ማሽኑ ከሚያስወጣቸው ሰዎች መካከል እሱ እንደማይኖር ተስፋ አድርጎ መሆኑን ስለ ተረዳች ቂም አልያዘችበትም፤ ናቀችው ብቻ። መናቅ ከቂም ይልቅ ይቀልላል።

በሳምንቱ አራቱም ወደ ማኅበሩ ቢሮ ተጠሩ። ገቢሳ በታይፕ የተመታ ቃለ ጉባኤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተላቸው። በሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ መሠረት ቋሚ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት አይሰናበትምና ማሽን መጣ ብሎ ማባረር ለጓድ ከበበው አስቸጋሪ ነበር።

«አጭር ነገር ነው» አለ ገቢሳ። «ለማሽኑ ድጋፍ መስጠታችሁን ነው የሚለው። ጣት ብቻ።»

ቱፋ ጣቱን ነክሮ አተመ። የቀሩት ሁለቱም ተከተሉት። ድንቅቱ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ማንበብ ጀመረች። ከአራት ዓመት በፊት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምስክር ወረቀት ሲሰጧት አስጨብጭበውላት ነበር። የምታነበው ፊደል በፊደል፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው። ገቢሳ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ።

«እዚህ ላይ» አለች በመጨረሻ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ፣ «'ሥራችንን በራሳችን ፈቃድ ለቀናል' ይላል።»

ቱፋ የተቀባ ጣቱን ሱሪው ላይ መጥረጉን አቆመ።

«የአጻጻፍ ሥርዓት ነው እሱ» አለ ገቢሳ። «ማኅበሩ ሌላ ቦታ ያፈላልግላችኋል። ያንቺ ጣት ብቻ ነው የቀረው፣ አደ ድንቅቱ።»

«እንግዲያው ይቅር» ብላ ወረቀቱን መለሰችለት።

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንኳ አልተቆጣችም። ተነሥታ ወደ ባልዲዋ ሄደች። ልጇ የነርስ ትምህርት ልትጨርስ አንድ ዓመት ተኩል ይቀራታል፤ በዚያ አንድ ዓመት ተኩል ሁለቱም የሚበሉት ከዚህ ጣቢያ ነው። ይህን ለገቢሳ ማስረዳት ግን እሱን እንደ ሰው መቁጠር ይሆንባታል።

ሦስቱ በወሩ መጨረሻ ተሰናበቱ። ገቢሳ ያፈላልጋል የተባለው ሌላ ቦታ አልተገኘም፤ ቱፋ ገበያ ውስጥ ጆንያ ይሸከም ጀመር። ድንቅቱን ማስወጣት ስላልተቻለ «የማሽን ረዳት» የሚል ስም ተሰጥቷት ከማሽኑ አጠገብ ጨርቅ ይዛ እንድትቆም ታዘዘች። መደቡ ምንም ሥራ አልነበረውም፤ ውርደት እንዲሆናት የታሰበ ነው። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

በምረቃው ዕለት ማሽኑ በቧንቧ በተሳበው ፍል ውሃ የአውራጃውን አስተዳዳሪ ላንድሮቨር በአምስት ደቂቃ አጠበ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ። ጓድ ከበበው ስለ ቴክኖሎጂ ሲናገር መኪናው ፀሐይ ላይ እየደረቀ ነበር። ድንቅቱ ከበሩ እጀታ ሥር አንድ ስስ ነጭ መስመር ሲወጣ አየች። አንድ ጊዜ ተናግራለች፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚሳቅበትን ነገር አልሰጠቻቸውም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከጣቢያው የሚወጣው መኪና ሁሉ ኖራ የተረጨበት ይመስል ጀመር። የገብስ ጭነት የሚያመላልስ አንድ ሹፌር የፊት መስታወቱን በጥፍሩ እየፋቀ፣ «እኔ መኪናዬን ለእጥበት ነው ያመጣሁት፤ እናንተ ከፈናችሁልኝ» አለ። በወሩ የማሽኑ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ተደፈኑ። አንዱ ብሩሽ ደረቁን ሲሽከረከር የላንድሮቨሩን ቀለም እንደ ድመት ቧጨረው። የአውራጃው አስተዳዳሪ ስልክ ደወሉ።

ጓድ ከበበው ስልኩን ሲዘጋ ጥፋተኛ ያስፈልገው ነበር፤ ለማግኘትም አልደከመም። ቃለ ጉባኤውን አልፈርምም ያለች፣ ማሽኑን በስብሰባ የተቃወመች፣ ቀን ሙሉ ከአጠገቡ የምትቆም አንዲት ሴት አለች።

ነገሩን የነገራት ገቢሳ ነው። ከኋላዋ መጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሻጥር ነው እየተባለ ነው» አለ። «የኢኮኖሚ አሻጥር። አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል። ያኔ ብትፈርሚ ኖሮ ይኸኔ ቤትሽ ነበርሽ።»

«እኔ ቤቴ ብሆን አንተስ የት ትሆን ነበር?»

ገቢሳ ትቷት ሄደ። ድንቅቱ ግን ያን ቀን ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጥፋ ሁለት ጊዜ ፈታችው። አሻጥር የተባለበት ሰው የሚሄደው ገበያ ጆንያ ለመሸከም አይደለም። ሁለት ዓመት ያለ ፍርድ የተቀመጡ ሰዎች ታውቃለች። እሷ ከገባች ልጅቷን የሚያስተምር የለም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ጓድ ከበበው፣ ገቢሳና ዕቅዱን አይቷል የተባለው የአዲስ አበባው ባለሙያ። ባለሙያው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፊቱ የደከመው ጎልማሳ ነው። ከጠያቂዎቿ መካከል አንዱ ከሳሿ መሆኑ ማንንም ያሳሰበ አይመስልም።

«ቀዳዳዎቹ ውስጥ ምን ከተትሽ?» አለ ጓድ ከበበው።

«ምንም።»

«ታዲያ ነጩ ነገር ከየት መጣ?»

«ከውሃው። በስብሰባው ላይ ተናግሬያለሁ።»

«እሱማ ዛቻ ነበር» አለ ገቢሳ።

ባለሙያው ከተፈታው ቧንቧ አንድ ቁራጭ አንሥቶ ውስጡን በቁልፍ ጫረ። የተቆለለው ነጭ ቅርፊት እንደ እንቁላል ልጣጭ ተሰብሮ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በምላሱ ጫፍ ቀመሰው። ሁሉም ገብቶታል፤ ድንቅቱ ከፊቱ አነበበች። ወዲያው ዕቅዱ ያለበትን ፋይል ከፈተ፤ ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ያለውን የራሱን ፊርማ አየ። ፋይሉን ቀስ ብሎ ዘጋው።

«እቺ ሴት ትውጣልን» አለ።

ድንቅቱ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ውስጥ የሚባለውን ባትሰማም ማወቅ አልተሳናትም። ጥፋቱ የውሃው ነው ብለው ከጻፉ ባለሙያውና ጓድ ከበበው የፈረሙበት ዕቅድ ይወጣል። አሻጥር ነው ብለው ከጻፉ ደግሞ ሌላ አጣሪ መጥቶ ያንኑ ቧንቧ ይፍቃል። የቀራቸው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ምንም አልሆነም ማለት። ማሽኑ ምንም ካልሆነ ግን መኪናዎቹ ንጹሕ ሆነው መውጣት አለባቸው። በአምቦ ከተማ ውስጥ ያንን ነጭ ነገር ሳይቧጭር ከቀለም ላይ ማንሣት የሚችሉት ስንት ሰዎች እንደሆኑ ቆጠረች። አራት ብቻ ናቸው።

ጓድ ከበበው ራሱ በሩን ከፍቶ፣ «እትዬ ድንቅቱ፣ ይግቡ» አለ።

እትዬ መባሏን ልብ አለች። በሦስት ዓመት ውስጥ «አንቺ» ካላላት «ጓድ» ብሏት ነው።

«ኮሚቴው ማሽኑ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጧል» አለ ባለሙያው ወደ መስኮቱ እያየ። «ነገር ግን የማጠናቀቂያ ሥራ ያስፈልገዋል።»

«የማጠናቀቂያ» አለች ድንቅቱ።

«በሸራ እንጋርደዋለን» አለ ጓድ ከበበው። «የማሽኑ ሞተር ይነሣል፣ ድምፁ ይሰማል። እርስዎ ከሸራው ኋላ በወንዙ ውሃ ያጥባሉ። የማሽን ኦፕሬተር ብለን እንመድብዎታለን፤ እርከኑም ከፍ ያለ ነው።»

«ብቻዬን ይህን ሁሉ መኪና?»

«ረዳት ከፈለጉ የቀን ሠራተኛ እንቀጥራለን።»

«አራት ደብዳቤ ይጻፍ» አለች። «አራት ኦፕሬተር። ቱፋና ሌሎቹ ሁለቱ ካሉበት ይምጡ።»

ገቢሳ ከወንበሩ ተነሣ። «እነሱ በፈቃዳቸው ነው የለቀቁት። ቃለ ጉባኤ አለ እኮ።»

«ያ ቃለ ጉባኤ እፊቴ ይቀደድ። ክስ የለባትም የሚል ደብዳቤም ማኅተም ተደርጎበት ይሰጠኝ።»

«እምቢ ብንልስ?» አለ ጓድ ከበበው፤ የድሮው ድምፁ ትንሽ ተመልሶለት ነበር።

«ጨርቄን ይዤ እቆማለሁ። ነገ የአስተዳዳሪው መኪና ይመጣል።»

ባለሙያው፣ «ጻፉላት፣ እኔ ከመምሸቱ በፊት አዲስ አበባ መግባት አለብኝ» አለ።

ደብዳቤዎቹ ተመትተው እስኪመጡ ቆማ ጠበቀች። ሲመጡ አንድ በአንድ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤ ሦስቱ ሹማምንት አንዲት አጣቢ አንብባ እስክትጨርስ ተቀምጠው ጠበቁ። የቱፋ ደብዳቤ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«'ጊዜያዊ' ይላል።»

«የታይፒስቷ ስሕተት ይሆናል» አለ ገቢሳ።

«ታርመው።»

ታረመ። ቃለ ጉባኤውን ገቢሳ በራሱ እጅ ቀደደው።

በማግሥቱ ቱፋ ከገበያ ተጠርቶ መጣ። ጆንያ የላጠውን ትከሻውን እያሻሸ ብዙ ሊናገር ፈልጎ፣ «ያኔ በስብሰባው፣ አደ ድንቅቱ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«የውሃውን ጎማ ያዝ» አለችው። «ከሆዱ ጀምር።»

እሱን ያስመለሰችው ስላዘነችለት አልነበረም፤ የከባድ መኪና ጣሪያ ላይ ብቻዋን መድረስ ስለማትችል ነው።

ከፋሲካ በኋላ ከሌላ አውራጃ የመጡ ሥራ አስኪያጆች ለልምድ ልውውጥ ጣቢያውን ጎበኙ። ማሽኑ ከሸራው ውስጥ ይጮኻል፤ በወዲያ በኩል የሚያብረቀርቁ መኪናዎች ይወጣሉ። ጓድ ከበበው በቀን ስንት መኪና እንደሚያጥብ፣ ምን ያህል ናፍጣ እንዳዳነ አብራራ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ወፍራም ማስታወሻ ደብተር የያዘ፣ ኦፕሬተሯን ማነጋገር እፈልጋለሁ አለ። ድንቅቱ እስከ ክርኗ እርጥብ ሆና ወጣች።

«ጓድ፣ ይህ ማሽን በደንብ እንዲሠራ ዋናው የሚያስፈልገው ምንድን ነው?»

ጓድ ከበበው ትንፋሹን ያዘ። እሷ ጥያቄውን በቅን ልቦና አሰበችበት።

«ሰው» አለች። «አራት ቢሆን ጥሩ ነው።»

እንግዶቹ ሳቁ፤ ገቢሳ ከሁሉ ቀድሞ፣ ጓድ ከበበው ከሁሉ ረዝሞ። ባለ ማስታወሻው ግን አልሳቀም፤ «አራት ኦፕሬተር» ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩም አሰመረበት። ድንቅቱ ፊደሎቹን ፊት ለፊቱ ቆማ እንደ ተገለበጡ አንብባ ጨረሰችና፣ ከጌዶ የመጣ ጭቃ የለበሰ አውቶቡስ እየጠበቃት ስለ ነበር ወደ ሸራው ተመለሰች።