ፊት የሌለው ቪዲዮ

እህቴን የምታዋልደው ተማሪ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ነበር ያገኘኋት። የማዋለጃው ክፍል በር ላይ ቆማ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቪዲዮ ታያለች። አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ ጓንት ያጠለቁ እጆች፣ ሆድ፣ ጭን። ከዚያ ወደ ላይ ምንም የለም።

«ሴትየዋ ጭንቅላት የላትም እንዴ?» አልኳት።

«ለክብሯ ሲባል ነው ፊቷን ያልቀረጹት» አለች ሳትስቅ። «አይዞሽ እትዬ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

የሰው ሆድ በቃል ይያዛል እንዴ! ደሜ ፈላ። ግን አስተማሪዋ፣ ጠና ያለች አዋላጅ፣ አጠገቧ ስለነበረች ዋጥ አደረግኩት።

እውነቱን ለመናገር ልጅቷ እጇ አይንቀጠቀጥም። ሕፃኑ ያለ ችግር ወጣ፣ አለቀሰ፤ ተቀብላ እህቴን አስታቀፈቻት። እህቴም «ማንን ይመስላል? አፍንጫው ብቻ የአባቱ እንዳይሆን!» እያለች ትለፈልፋለች። ቀጥሎ እንግዴ ልጁ ወጣ። ተማሪዋ የእህቴን ሆድ ጫን ጫን አድርጋ «ማህፀኗ በደንብ ጠንክሯል፣ አይደማም» አለች፤ አስተማሪዋም ነካክታ አረጋገጠች። ወዲያው ከሚቀጥለው ክፍል ጩኸት ተሰማ። አስተማሪዋ «መጣሁ፣ ዓይንሽን ከሷ ላይ እንዳትነቅዪ» ብላት ወጣች።

ልጅቷ ግን ዓይኗን የተከለችው እንግዴ ልጁ ላይ ነበር። ሳህን ላይ ዘርግታ፣ ተቆርሶ ማህፀን ውስጥ የቀረ ነገር እንዳለ ለማወቅ አቀርቅራ ትመረምራለች። በቪዲዮው ቀጣዩ ደረጃ እሱ መሆን አለበት።

እህቴ ዝም አለች። እሷ በእንቅልፏ እንኳ የምታወራ ሰው ናት። ሕፃኑን ከደረቷ ላይ አንስቼ እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል፣ ላብ አጥምቆታል።

«ስሚኝማ፣ እህቴ ደህና አይደለችም።»

«ደክሟት ነው» አለች ሳትዞር። ከእህቴ ሥር የተነጠፈውን ጨርቅ ገለጥ አድርጋ አየችና «ደሙ ትንሽ ነው። አንዴ ይቺን ልጨርስ» አለችኝ።

የእህቴ ከንፈር ነጣ። ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ፊቷን እዪ!» ብዬ ጮህኩ። «አንቺ ልጅ፣ እህቴ እየሞተችብኝ ነው! ቀና በይና ፊቷን እዪ!»

ቀና አለች። ስታያት የራሷም ፊት አመድ መሰለ። ሳህኑን ትታ እጇን የእህቴ ሆድ ላይ ስታሳርፍ፣ ያ ጠንካራ ነገር የለም፤ እጇ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰመጠ። «ደሙ ማህፀኗ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው!» ብላ አስተማሪዋን ተጣራች፤ ሆዷን ባላት ኃይል ታሸው ጀመር። የረጋ ደም ተጎልጉሎ ወጣ። አስተማሪዋ እየሮጠች ገብታ መርፌ ወጋቻት፣ ግሉኮስ ሰካችላት። እኔ ሕፃኑን አቅፌ ግድግዳው ሥር ዘጭ አልኩ። የእህቴን ስም እየጠራሁ ነበር አሉ፤ እኔ አላስታውሰውም። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ደሙ ቆመ።

በማግስቱ ተማሪዋ ልትጠይቃት መጣች። የምላትን ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት፤ ልክ ልኳን ልነግራት ተነሳሁ። እህቴ ግን ቀደመችኝ። ትራሷን ተደግፋ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት። ልጅቷ ያን ቀን ሁሉ አቀርቅራ ስለነበር፣ ልጇን ተቀብላ ያስታቀፈቻት እሷ መሆኗን አላወቀችም።

«ማንን ፈልገሽ ነው፣ እህቴ?» አለቻት በትህትና።

ያዘጋጀሁትን ስድብ ትቼ መልሼ ተቀመጥኩ። ልጅቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ቢቀድማትም አላቀረቀረችም።

«አንቺን» አለቻት።