እሑድ በሾፌሩ ቋንቋ

እግዚአብሔር የጠራኝ ሱሪ እያሳጠርኩ ነው። ሌሎቹ ሲመሰክሩ እሰማለሁ፤ አንዱ በጾም፣ አንዱ በራእይ፣ አንዱ ተራራ ወጥቶ። እኔ የልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ ተንበርክኬ፣ አፌን በእስፒል ሞልቼ፣ የደንበኛዬን ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ እለካለሁ። ሰውዬው ነጋዴ ነው፤ ስለሚመላለስበት አገር ያወራል። ሥራ አለ፣ መንገዱ ጥሩ ነው፣ ጸሎት ቤቶቹ ግን ተዘግተው መጋዘን ሆነዋል አለ። እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው ያለው። እኔን ግን አንድ ነገር ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ሂጂ፤ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ትከዪ የሚል ነገር። በእስፒሉ ምክንያት እሺም እንቢም ማለት አልቻልኩም።

ለባሌ ነገርኩት። ባሌ ቀለም ቀቢ ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ከጆሮው ጀርባ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። አዳምጦ አዳምጦ፣ እኔን አልጠራኝም አለ። ታዲያ እስኪጠራው ቁጭ ብዬ ልጠብቅ? ጸለይኩ፣ ጨቀጨቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከጸሎቱ ጭቅጭቁ ሳይበዛ አይቀርም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም አስቀምጠው መረመሩኝ። ለምን እዚያ? ቋንቋውን ታውቂዋለሽ? የሰው አገር ሰው እንግዳ ሴት ይሰማል? ዓይኔን በጨው አጥቤ ለሁሉም መልስ ሰጠሁ። በመጨረሻ መጋቢው ሳቁና፣ ይቺን ሴት ከምንይዛት ብንልካት ይሻለናል አሉ። ባሌ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ። የተጠራሽው አንቺ፣ የምሸከመው እኔ አለኝና ሳቀ። ሲስቅ ያምርበታል።

እንደዚህ ሆነን ነጋዴው ያወራለት አገር ገባን። እሱ ቀለም ይቀባል፤ እኔ አንድ ልብስ አስተካካይ ቤት ዚፕ እቀይራለሁ፤ ማታ ማታ ቋንቋ እማራለሁ። ለእሑድ የዳንስ ማስተማሪያ አዳራሽ ተከራየን። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው፤ ሁለት ሆነን ስንቀመጥ አራት እንመስላለን። ባሌ፣ ለመጋቢው ፎቶ አንሺ፣ እጥፍ ይሆንላቸዋል እያለ ይቀልድብኛል።

የመጀመሪያው ሰው ሾፌሩ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፤ ሚስታቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። የጃኬታቸው ዚፕ ተበላሽቶ ሱቅ መጡ። እዚህ አገር ምን ልትሠሪ መጣሽ ብለው ጠየቁኝ። በተሰባበረ ቋንቋዬ፣ ለእርስዎ ነው የመጣሁት አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። እሑድ ግን ፀጉራቸውን በውሃ አስተኝተው ከች አሉ። ወንጌሉን እያነበብኩ ስሳሳት ያርሙኝ ነበር። የዚያን ሰሞን ስብከት ግማሹን የሰበኩት እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

አንድ እሑድ ባሌ መስኮቱን ከፍቶ ባገራችን ቋንቋ ዘመረ። ድምፁን የሰማ ያውቀዋል፤ ሆድ ያባባል። በታች የምታልፍ ያገራችን ልጅ፣ ነርስ ናት፣ እያለቀሰች ደረጃውን ወጣች። በሚቀጥለው እሑድ ወንድሟን አመጣች፤ ወንድሟ ጓደኞቹን። ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ ጢም አለ። ባሌ መዘምራን አቋቋመ። ያ ዝምተኛ ሰውዬ የሰው ትከሻ እየመታ ሲያወራ ባየሁ ጊዜ፣ እሰይ አልኩ፤ ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መጋቢው በስልክ እልል አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ስብከቱም ባገራችን ቋንቋ ሆነ። ማን ወሰነው? ማንም። መጀመሪያ ላይ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ በጆሯቸው እተረጉምላቸው ነበር። ሰው ሲበዛና እኔም መድረክ ላይ ስውል የሚተረጉምላቸው ጠፋ። እሳቸው ግን መምጣታቸውን አልተዉም። ሰው ሲስቅ ይስቃሉ፤ ሰው ሲነሳ ይነሳሉ። ከዚያ ቀሩ።

አመማቸው እንዴ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ደህና ናቸው። ወንበር ሳቡልኝ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

«ሰዎቻችሁ ደጎች ናቸው» አሉኝ። «እጄን ይጨብጡኛል። ግን ተወልጄ ባረጀሁበት ከተማ እንግዳ ሆኜ ተቀመጥኩ። አንቺ ለእኔ መጣሁ ብለሽኝ ነበር።»

ተነስቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ በራሴ ደሜ ፈላ። አንዴ፣ ያገራችንስ ልጆች ነፍስ የላቸውም ወይ እላለሁ፤ የነርሷ እንባ የውሸት አልነበረም። አንዴ ደግሞ፣ አገር አቋርጠሽ መጥተሽ የተከልሽው ያገርሽን ሳሎን ነው እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። የተጠራሁት ግን ለአንዱ ነው። ቤት ሳልደርስ ቆረጥኩ።

ባሌ ብሩሾቹን እያጠበ ነበር። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ሁሉም ነገር በዚህ አገር ቋንቋ ይሆናል አልኩት። ያገራችን ልጆችስ አለ። የነርሷ ወንድም ጎበዝ ሰባኪ ወጥቶታል፤ ሌላ አዳራሽ ይዞ ይምራቸው፤ እኔ እመርቃቸዋለሁ አልኩ።

«እኔስ?» አለ። ብሩሹን አስቀመጠ። «ስንት ጊዜ አፍ እንደሌለው ሰው ኖሬ አሁን ገና አፍ አወጣሁ። በዚህ ቋንቋ የማውቀው የሥራውን ብቻ ነው። እግዚአብሔርን ቀለሙ አልደረቀም፣ እንዳትነካው እያልኩ ላምልከው?»

አንጀቴን በላው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ልተወው ቃጣኝ፤ ወዲያው የሾፌሩ ፊት መጣብኝ።

«የመጣነው ለዚህ ነው» አልኩት።

«የመጣሽው» አለኝ።

ለጉባኤው ስናገር ነርሷ አለቀሰች። አንዱ ጨካኝ አለኝ፤ አንዱ ያገሯን ሰው የጠላች አለኝ። መጋቢው ደውለው፣ ሙሉ አዳራሽ በትነሽ ባዶ ልትመሪ ነው ወይ ብለው ጮሁብኝ። አዎ፣ ከባዶ እጀምራለሁ አልኳቸው። ቃሌን አላጠፍኩም። በነርሷ ወንድም ራስ ላይ እጄን ጭኜ ጸለይኩለትና ሸኘኋቸው።

እሑድ ጠዋት ባሌ አብሮኝ ወጣ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ደረደረልኝ። ሲጨርስ አቧራውን ከእጁ አራገፈና፣ መዘምራኑ ይጠብቁኛል አለ። ሂድ አልኩት። እንዲቀር መለመን ፈልጌ ነበር፤ ሰውን በግድ ወደ ጥሪዬ መጎተቱ ግን አንዴ ይበቃኛል። ደረጃውን ሲወርድ ኮቴው እስኪጠፋ ቆሜ ሰማሁት።

ሾፌሩ መጡ። በሳምንቱ መንገድ ላይ አግኝቼ ጠርቻቸው ነበር። በሩ ላይ ቆመው ባዶውን አዳራሽ ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ባልሽስ?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። በዚህ ቋንቋ ምላሱ እንደታሰረ፣ መዝሙር ደግሞ ነፍሱ እንደሆነ፣ ለእሑዱ አምልኮ እንደተለየኝ። መጽሐፌን ልከፍት ስል እጄን ያዙ።

«እንግዲያው ከእሱ እንጀምር።»

ድምፃቸውን አሰምተው ጸልየው አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ ብለው፣ ከጎናቸው ለተቀመጠ ሰው የሚያወሩ ያህል በገዛ ቋንቋቸው ጸለዩ። በዚያ አገር ቋንቋ ከባዶ የጀመረችው ቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያ ጸሎቷ ለባሌ የተጸለየ ነው። እኔ ከማልቀስ በቀር ምንም አልጨመርኩበትም።

ለምሳ ቤት ስንገናኝ ባሌ ሸሚዙን እየቀየረ ነበር። እንዴት ዋላችሁ አልኩት፤ ደህና አለ። እናንተስ አለኝ። ሁለት ነበርን፤ ስላንተ ጸለዩ አልኩት። እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ።

«ምን ብለው?»

«ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው ስለ እኔ ቤቱን ተወ። ዛሬ ደግሞ ስለ እኔ መዝሙሩ ያለ ሚስቱ ቀረ። ባዶ እጁን አታስቀረው አሉ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«በራሳቸው ቋንቋ በዪኝ» አለ። «ቀስ እያልሽ።»

ቀስ እያልኩ አልኩለት። ከኋላዬ እየተከተለ ደገመው። መዝሙር የሚለው ቃል ጋ ሲደርስ ተደናቀፈ፤ ስንት ግድግዳ ሲቀባ ያንን ቃል ማንም ብሎት አያውቅም። አረምኩት። ከመጀመሪያው ጀመረ።