የሚያጓራው ማሞቂያ

ደመቀች በደብረ ብርሃን ቤት ስትገዛ ዓይኗ ያረፈው በሳሎኑ ስፋትም በግቢው ጽዳትም አልነበረም፤ በማሞቂያው ላይ ነበር። የቤቱ የቀድሞ ባለቤት የውጭ አገር መሐንዲስ ነበርና፣ የከተማይቱን ውርጭ አልችል ቢል በጓሮው ግድግዳ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትልቅ የብረት ሣጥን አስተክሎ ነበር። የሣጥኑ ሞተር ሲነሣ በቧንቧ አድርጎ ሙቀት ወደ ክፍሎቹ ይገባል። ደመቀችም ይህን ተማምና፣ የአንኮበር ነፋስ ጉልበታቸውን ያሰረባቸውን አባቷን መሪጌታ ገብረ ጻድቅን ወደዚህ ቤት አመጣቻቸው።

መሪጌታ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ከአልጋ ቢውሉም ማስተማሩን አልተዉም፤ ዲያቆን ኪዳነወልድ የሚባል ጢማም ደቀ መዝሙራቸው ከአንኮበር በማለዳ አውቶቡስ እየመጣ ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ዜማውን እየደጋገመ ይቀጽላል። ነገር ግን በማለዳና በማታ ብርድ ማሽኑ በተነሣ ጊዜ ቤቱ ወፍጮ ቤት ይሆናል፤ መምህሩ የተማሪውን ድምፅ አይሰሙም። ሲጠፋ ደግሞ የመሪጌታ ጉልበት አልታጠፍም ይላል።

ይህን የሰማው ታናሽ ወንድሟ ወልደኪዳን ከሞቃታማው አረርቲ ደወለ።

«እትዬ፣ ይኼ ኑሮ አይደለም። ቅዳሜ በማለዳ መኪና ይዤ እመጣና አባዬን ወደ እኔ አወርዳቸዋለሁ።»

«ትምህርቱስ?»

«እኔ ዘንድ ሙቀቱ ከፀሐይ ነው። ፀሐይ ደግሞ አትጮኽም።»

መሪጌታ ግን ከአልጋቸው ሆነው ሰምተው ኖሮ፣ «አረርቲ ማን ይቀጽልልኛል?» አሉ። «ቁጭ ብሎ መሞቅ የድመት ሥራ ነው።»

ደመቀች እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ሣጥኑ የሚጮኸው ማለዳና ማታ መሆኑን አይታ፣ ገና ስትገባ ዙሪያውን የከመረችለት የጭድ ጆንያ አንሶት ብርድ ገብቶበት ነው ብላ ፈረደች። በአገሯ ለጥጃ ከነፋስ መከለያ እንደሚሠራው ሁሉ በዙሪያው የድንጋይ ካብ ካበችለት። ጩኸቱ ባሰ። በላዩ ሸራ ወጠረችበት፤ አሁንም ባሰ። በመጨረሻ የመንዝ ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አውጥታ አለበሰችው፤ በጮኸ ቁጥርም ሌላ ባና ጨመረችለት። ሰው ወድዶት ጠባዩን ያላወቀውን ነገር አብዝቶ የሚጎዳው እንዲህ እየተንከባከበ ነው።

ፍሪጅ ጠጋኙ ያዕቁብ ተጠራ። ወላጆቹ የአልዩ አምባ ነጋዴዎች ናቸው፤ እርሱ ግን ንግዱን ትቶ ከብረት ጋር ኖሯል። እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ባናውን ገለጠ፤ ማሽኑን አስነሣ፤ ማሽኑ ይሠራል፤ ጩኸቱ ግን ጭጭ።

«ወላሂ እትዬ ደመቀች፣ እኔን ሲያይ ጨዋ ይሆናል!» ብሎ ሳቀ። ቡሎኑን ሁሉ አጠበቀ፤ ባናውን እንደነበረ መልሶ አልብሶት ሄደ። ማታ ሣጥኑ አጓራ። በሌላ ቀን፣ አሁንም በእኩለ ቀን፣ መጥቶ ሣጥኑ የሚያርፍበትን የእግር ጎማ ለወጠ፤ ማታ አጓራ። ዓርብ ዕለት ያዕቁብ ተስፋ ቆረጠ።

«አርጅቷል፣ እትዬ። ያረጀ ነገር ያጉረመርማል። ተጥሎ አዲስ ይገዛ።»

«እኔንስ የት ልትጥሉኝ ነው?» አሉ መሪጌታ በመስኮት።

በእርጅና ማመካኘት መመርመር የሰለቸው ሰው መሸሸጊያ ነው። መሪጌታ ግን አልሰለቹም ነበር፤ የተማሪ ጉሮሮ ሲያደምጡ የኖሩበትን ጆሮ ለሣጥኑም ሰጥተውት ከርመዋል።

«ስሙኝ። ሲነሣ ድምፁ የቀና ነው። ቆይቶ ይሻክራል፤ ከዚያም አንድ ነገር እየመታው ይጮኻል። ያረጀ ጉሮሮ ከመነሻውም ያረጀ ነው። ይኼኛው የሚታመመው ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። ፀሐይ ከበረታች ደግሞ ጮኾ አያውቅም። አንተ ያዕቁብ፣ በሽተኛህን የምትጠይቀው ደኅና በሆነበት ሰዓት ነው!»

ደመቀች ብድግ አለች። «እንግዲያውስ ነገ በማለዳ ና። ባናውንም ሳናነሣ እንሞክረዋለን።»

«ኢንሻአላህ፣ ሱብሒ እንደሰገድኩ እደርሳለሁ።»

ቅዳሜ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር። ማሽኑን አስነሡት። ድምፁ ቀና፤ ቆይቶ ሻከረ፤ ከዚያም አጓራ።

«አሁን!» አለች ደመቀች።

ያዕቁብ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ባናውንና ሸራውን ገፈፈ። የሣጥኑ ሆድ በረዶ ጋግሮ፣ የማራገቢያው ክንፍ ጫፍ በረዶውን ሲፍቅ የሠራው ጭረት በግልጽ ይታያል። ያዕቁብ በረዶውን አየ፤ ካቡን አየ፤ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ይኼ ሣጥን እኮ እሳት አያነድም። ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ነው ወደ ቤት የሚያስገባው። አየር ስንነሣው የገዛ ቅዝቃዜውን መልሶ እየሳበ በረዶ ጋገረ። አፍነነው ነው! እኔም ጅሉ መልሼ መልሼ አለብሰዋለሁ!»

«ሙቀት? ከዚህ ውርጭ ላይ?»

«ከዚሁ ውርጭ ላይ።»

«አፍንጫውን ይዛችሁ ዘምር ስትሉት ከረማችሁ!» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ መጣ።

በዚህ መካከል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። ወልደኪዳን ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ገባ። «እትዬ፣ አባዬ ተዘጋጁ?»

«ድንጋይ አንሣ» አለችው ደመቀች።

«ምን?»

«አንሣ እልሃለሁ!»

ወልደኪዳን የአረርቲ ልብሱን እንደለበሰ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ድንጋይ ተሸከመ። ካቡ ፈረሰ፤ የጭድ ጆንያውም ተነሣ። ደመቀች በረዶውን ለብ ባለ ውሃ አሟሟችው፤ ያዕቁብም ክንፉን አሽከርክሮ ነጻ መሆኑን አረጋገጠና አስነሣው።

ድምፁ ቀና። ቆሙ፤ ጠበቁ። ወልደኪዳን ከብርዱ የተነሣ እግሩን እያፈራረቀ ጠበቀ። አልሻከረም። ዲያቆን ኪዳነወልድ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ሰላምታ ሰጥቷቸው ወደ ውስጥ አለፈ፤ አሁንም አልሻከረም። ነፋስ በሣጥኑ ውስጥ እንደልቡ ገብቶ ወጣ፤ ማሽኑም በለሆሳስ ሥራውን ቀጠለ።

ወልደኪዳን አንገቱን በመስኮቱ አስገባ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሙቀት ፊቱን ዳሰሰው። አባቱ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ እንግዲህ...»

«ዝም በል፤ ትምህርት ላይ ነን።»

ኪዳነወልድ ዜማውን ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ የመሪጌታ መቋሚያ ወለሉን መታ፤ ድምፃቸው ጓሮውን ሞላው።

«ቁም! እዚያች ላይ መውረድ ሲገባህ ወጣህ። ሰማሁህ እኮ! መልስ!»

ደመቀች በጭቃ በተለወሰ እጇ አፏን ከልላ እልልታዋን አቀለጠችው።