ሙላቴ የፈጨ ዕለት

ንጉሡ ጋፋት ላይ መድፍ በሚያሠሩበት ዘመን፣ ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ሙላቴ የሚባል ወታደር ነበር። ጎሽ ገድሎ ሹሩባ የተሠራ፣ ሲፎክር ውሻ የሚያስደነብር ወንድ ነው። ይህን የመሰለ ጀግና ከክንዱ የማትረዝም ልጁ አፈር ድሜ አስጋጠችው።

ልጅቷ ከተወለደች ወዲህ አልቅሳ አልጠገበችም። እናቷ ጥሩወርቅ ምጥ የጎዳት አራስ ናት፤ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፣ ጡቷም መድረቅ ጀምሯል። የጥሩወርቅ እናት እንዳይመጡላት ይፋግ ናቸው፤ በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ማን ይሻገራል? ጎረቤቷ እቴነሽ ገንፎ ልትሠራ ብትመላለስም የራሷን ልጆች ጥላ ነው። ስለዚህ ልጅቷ በሙላቴ እጅ ወደቀች።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጥሩወርቅ፣ «ይች ልጅ ካልተኛች እኔም አልተርፍ» አለች እንደ ቀልድ። ሙላቴ ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። ጦር ያልፈራ ልቡ ፈራ።

መጀመሪያ የሚያውቀውን አደረገ፤ ፎከረ። «ዘራፍ!» ሲል ልጅቷ በድንጋጤ ዝም አለች፣ ከዚያ እጥፉን መለሰችለት። መሪጌታ ገብረኪዳንን ለመነ። መሪጌታ አራስ ቤት አልገባም ብለው ከደጅ ሆነው ዜማ ጀመሩ፤ እሷ በትንፋሽ በለጠቻቸው። «ወንድ ብትሆን ማሕሌት አቆማት ነበር» ብለው ሄዱ። ጥጃ አሳያት፤ ጥጃው ሸሸ።

በኋላ እቴነሽ ለገንፎው የሚሆን ገብስ ልትፈጭ ወፍጮው ላይ አጎነበሰች። መጁ ግርር፣ ግርር ማለት ሲጀምር ልጅቷ ዝም አለች። እቴነሽ ዱቄቷን ልታፍስ ስታቆም ልጅቷ ጮኸች። እንደገና ስትፈጭ ዝም አለች።

«አይ ያንቺ ነገር!» አለች እቴነሽ እየሳቀች። «እናትሽ ምጥ እስኪይዛት ስትፈጭ አይደል የከረመችው? ሆዷ ውስጥ ሆነሽ የለመድሽው ይህንኑ ነው።»

«እንግዲያ ፍጪያ፣ እቴነሽ!» አለ ሙላቴ።

«የኔስ ልጆች ምን ይብሉ? አንተ እጅ የለህም?» ብላ ወጣች።

ወንድ ይፍጭ? በዚያ አገር ወንድ ያርሳል፣ ይዋጋል፣ ካስፈለገም ይሞታል፤ ወፍጮ ላይ ግን አያጎነብስም። ሰው ቢያየው የሚገጠምለትን ግጥም ሙላቴ ገና ሳይገጠም ሰማው፤ ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ይውላል። ወደ መደቡ ዞረ። ጥሩወርቅ ዓይኗ ፈጦ ጣራውን ታያለች። በሩን ዘጋ፣ ልጅቷን በአንቀልባ አዘለ፣ ገብስ ዘገን አድርጎ አጎነበሰ።

ግማሹ ገብስ መሬት ተበተነ። ልጅቷ ግን ተኛች። ጥቂት ቆይቶ ጥሩወርቅ ስታንኮራፋ ሰማ፤ ደስ ብሎት ዕንባው መጣ።

ክንዱ ሊገነጠል ሲደርስ ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አለቃው ባላምባራስ ደሳለኝ ናቸው፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊሉ መጥተው ነው። ሙላቴ መጁን እንደ ሌባ ለቀቀ። ልጅቷ ወዲያው ጮኸች፤ ጥሩወርቅ ተገላበጠች።

ስሙ ደጅ ቆሟል፣ ሚስቱ መደቡ ላይ ናት። «በቃ፣ ልዋረድ» አለና መጁን መልሶ ያዘ። ባላምባራስ አሽከሮቻቸውን ደጅ አስቀርተው ሲገቡ፣ ያ ጎሽ ገዳይ ልጅ አዝሎ፣ ዱቄት ለብሶ ይፈጫል። እሳቸው ደግሞ ያዩትን ሁሉ ግብር ላይ የሚያወሩ ሰው ናቸው።

«ጌታዬ፣ ሲፈጭ ብቻ ነው የሚተኙት» አለ ሙላቴ ቀና ሳይል።

ባላምባራስ አራሷን አዩ፤ የሙላቴን የሚንቀጠቀጥ ክንድ አዩ። ራሳቸውን በበሩ ብቅ አድርገው፣ «እኔ አራሷን እጠይቃለሁ፤ እናንተ በቅሎዬን አስግጡ። ራቅ አድርጋችሁ!» አሉ። ከዚያ ጎራዴያቸውን ፈትተው ሰቀሉ።

«ዞር በል» አሉት በሹክሹክታ። «ለሰው ከተናገርህ ግን ምላስህን እቆርጠዋለሁ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥሩወርቅ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ባሏ ልጃቸውን ደረቱ ላይ አስተኝቶ አጎዛው ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ወፍጮው ላይ ደግሞ ባላምባራስ ጢማቸው ዱቄት ሆኖ፣ «እሹሩሩ» እያሉ ይፈጫሉ።

ሌላ ሴት ብትሆን «በሞትኩት!» ብላ ትነሳ ነበር። ጥሩወርቅ ግን የባሏን ዱቄት የነካው ሹሩባ አየች፤ ጎሹን ገድሎ የመጣ ዕለት እንኳ እንዲህ አልወደደችውም። ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። ባላምባራስም እንዳይጠራጠሩ ትንሽ አንኮራፋች።